የሚነሳ ነገር

ደሴ፣ አራዳ፣ ከልብስ ተራው ጀርባ፣
ጣሪያው ሣር ያበቀለ ደርብ አለ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ የገባ።
ጋሽ አረቡ በር በሌለው ደጃፍ ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤
መዝጊያውን ከወሰዱት ሁለት ክረምት አልፏል፤
ቁልፉ ግን ካንገቱ፣ በጫማ ማሰሪያ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

«ምን ልታነሳ ነው?» አለኝ።
«ፎቶ» አልኩት።
ሳቀ፣ ሳሉ እስኪያቋርጠው።
«ቆርቆሮውን፣ በዚያ በኩል ያለውን፣ አነሱት፤
ሳንቃውን አነሱት፤
መታጠቢያ ገንዳውን ለአራት ሆነው አነሱት፤
ያምፖሉን ማቀፊያ ከነሽቦው መንግለው አነሱት፤
ይኸው አንተ ደግሞ መጣህ። ያገኘኸውን አንሳው፤
ካቧራ በቀር እንግዲህ ምን ተርፎት ምን አለው?»

አልተከራከርኩም። የኔም ሥራ ቃሉ ያው ነው፤
የወደቀ አይቼ አነሳለሁ፤ አንስቼ ግን አላቆመው።

ደረጃው አሥራ ሰባት ነበር አለኝ፤ አሥራ አራት ቆጠርኩ፤
የጎደሉትን ሦስቱን በፍርሃቴ ተሻገርኩ።
ሁለቱ እግሬ ሲንቀጠቀጥ የካሜራው ሦስት እግር ጸንቶ ቆመ፤
የጦሳ ጉም በተሰበረው መስኮት ገብቶ ሌንሴ ላይ ተጋደመ።
ጠረግኩት። ተመለሰ። ደግሞ ጠረግኩት።
እዚህ ከተማ ሳያንኳኳ የሚገባ ቤተኛ እሱ ነው፣ ተውኩት።

የአሰብ ሾፌሮች ማደሪያ ነበር ይህ ቤት፣
አሰብ መንገድ ሳለ፣ ወደቡ ሳይርቅ በፊት።
የእትዬ የሻረግ ሆቴል። ስምንት ክፍል፣ አንድ ሻወር፤
ግቢው ውስጥ ሞተሩ ገና ትኩስ ፊያት፣ ከነተሳቢው የሚያድር።

ጢስ ያጠቆረው ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ አራት ማዕዘን፤
ማርያም ትሁን መካ የተሰቀለችው፣ ሚስማሩ አልነገረን።
በስተግራ፣ በእርሳስ፦ «ናፍጣ 240። ጎማ ማስጠገኛ 15።
ለትርንጎ 20።»
ከሥሩ በሌላ እጅ፣ ፊደሉ ተጭኖ፦ «አልደረሰኝም።»
አነሳሁት። ሂሳቡን ግን ማን እንደሚዘጋው አላውቅም።

ስድስት ቁጥር ክፍል፣ መስኮቷ ድፍን፣ ጨለማ፤
እጄን ዘርግቼ ገባሁ፤ ትንፋሼ ብቻ የሚሰማ።
መስኮቱ ሳንቃ ላይ ሚስማር የወለቀባት አንዲት ቀዳዳ፤
ጉሙ ሲገለጥ፣ ፀሐይ ጦሳን ስትነካው፣ ከማዶው ግድግዳ
ጦሳ ራሱ ወረደ። ተዘቅዝቆ።
ጫፉ ወለሉን ነክቶ፣ ሰማዩ ከሥሩ ተነጥፎ፣ ርቆ፤
ባሕር ዛፉ ወደ ታች ሲያድግ፣ የቤቱ ሁሉ ክዳን ሲያንጸባርቅ፣
አንድ ባጃጅ በጣሪያው ጠርዝ፣ ጎማው ወደ ላይ፣ ድምፅ ሳያሰማ ሲያዘቀዝቅ።

ለካ ካሜራዬን ይዤ የቆምኩት ካሜራ ሆድ ውስጥ ነው!
ለካ እንግዳው ሁሉ ሲቀር ሥራ ያልፈታው ቤቱ ነው፤
ያለ ፊልም፣ ያለ ማጠቢያ፣ «እስቲ ፈገግ» የሚል ሳይኖር፣
በየጠዋቱ ጦሳን ሲያነሳው፣ ሲመሽ ሲያጠፋው ነበር።

አርባ ሰከንድ ከፈትኩ። ጋሽ አረቡ ገባ፣ መጥረጊያውን ይዞ፤
«እንግዳ መጥቶ፣ ክፍሉ እንዲህ!» እያለ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተክዞ።
ቁልፉ እንዳይወዛወዝበት አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤
ጠረገ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። አልከለከልኩትም፣ ቤቱ የሱ ነው።

ኋላ በካሜራዋ መስኮት አየን፣ ግንባር ለግንባር ገጥመን፤
የተዘቀዘቀ ጦሳ፣ ሚስማር፣ ቁልፍ። ሰው የሚባል አላየን።
«እኔስ?» አለ።
«አልቆምክም፣ ጋሼ። ካሜራ የሚይዘው ዝም ብሎ የቆመ ነው።»
«ሠላሳ አንድ ዓመቴ እዚህ ስቆም» አለ። «ከዚህ ወዲያ እንዴት ይቆማል ሰው?»

መልስ አልነበረኝም። አይቶኝ፣ «አብሽር» አለ፣ ቁልፉን ካንገቱ መለሰ፤
ቀድሞኝ ወረደ፣ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ፤
«ከላይ ሦስተኛዋን ደረጃ ተጠንቀቃት» አለኝ፣ ዞሮ።
«የለችም።»