ቡናማ ቀለበት

ከአዘዞ መጡ ሰኞ፣ ግንበኛው አዛናው፣
ውሃ በሃይላንድ፣ ክዳኑ ጨርቅ ነው፤
«የጉድጓዴ ውሃ፣ ጥርት ያለ ነበር፤
እስቲ ጠይቂልኝ፣ አለው ወይ ሚስጥር?»

በመስኮቱ በኩል፣ ጠርሙሱን አነሳሁ፤
የፋሲልን ግንብ፣ በውስጡ አየሁ፣
ተዘቅዝቆ፣ አንሶ፣ ጉልላቱ ሳይቀር።
ይህን ያህል ጠርቷል። ጥራት ግን አይናገር፤
ጨውም ሲሟሟ ይጠራል፣
መርዝም ውሃ ይመስላል።

መምህርት ፈንታነሽ፣ ያስተማረችን ሰው፣
ጣቶቿ ጥቁር ነበሩ፣ እንሶስላ መስለው፤
የብር ናይትሬት ነው፣ ፀሐይ ያጠቆረው።
«ሰርግ አለ እንዴ?» ሲሏት፣ ሽንኩርት የሚሸጡ፣
«አለ፤ ብርና ጨው፣ ተመራረጡ።»

ከእሷ የተማርኩት፣ መጀመሪያ ነገር፣
ባዶውን መጠየቅ፣ ራስን መጠርጠር።
ብሩን ጠብ አደረግሁ፣ በተጣራ ውሃ፤
ጭጋግ ለበሰብኝ፣ እንደ ማለዳ ቀሃ!
ደነገጥኩ። ከየት ነው? ቱቦውን አየሁት፤
የገዛ ላቤ ነው፣ በጣቴ ያስገባሁት።
ታጠብኩ። ደገምኩት። ዝም አለ። አመንኩት።

ከዚያ ወደ እሳቸው።
ባሪየም ሰጠሁት፣ ሰልፌት የለም አለኝ፤
ክሎራይድ ጠየቅሁት፣ በጭጋግ መለሰኝ።
ሽቦውን ነክሬ፣ እሳት ባስነካው፣
ቢጫ፤ ሶዲየም ነው፣ ወሬኛው፣ ቀዳሚው።

ቀረ አንድ ጥያቄ፣ እጄ የፈራችው።
የብረት ሰልፌቱን፣ ከውሃው ቀላቅዬ፣
ከባዱን አሲድ ሰደድኩ፣ ቱቦውን አዘንብዬ፣
በጎኑ፣ በዝግታ፣ ትንፋሼን ውጬ።
ወረደ፤ ከታች ተኛ፤ ከላይ ውሃው ቆመ፤
በሁለቱ ድንበር፣ አንድ ነገር ታተመ፦
ቀለበት።
ቡናማ።

«እንዴት ያምራል!» አሉኝ፣ ጠጋ ብለው አይተው፤
«ለማን ልታስሪው ነው?»
ሳቁ። ዝም አልኳቸው።
ናይትሬት ነው ብላቸው፣ ምን ይነግራቸዋል?
«ጋሼ፣ ሽንት ቤታችሁ፣ ከጉድጓዱ ይርቃል?»
«አሥር እርምጃ ቢሆን። ልጄ ነው የቆፈረው፤
ምነው?»
«ሕፃንስ አለ፣ ከዚህ የሚጠጣው?»
«የልጄ ልጅ አለች፣ አራት ወር የሞላች፤
አፍልተን ነው እንጂ፣ ጥሬውን መች ጠጣች!»

ማፍላት አያባርረው፣ ጭራሽ ያበረታዋል፤
እንፋሎት ሲሄድ እሱ፣ ከታች ይቀመጣል።
«ከንፈሯስ ጠቁሯል ወይ?» ልል ስል፣ ምላሴ ከበደች።

ወንበር ሳብኩላቸው። ጣቴ መጥቆር ይዟል፤
ጠርሙሱ ግንቡን፣ ገልብጦ አዝሏል።