ስድስት ነጥብ ስምንት

ሦስት ኮከብ ታየ፣ ሰንበት ወጣች ካፉላ፤
የኢታማር ጩኸት መጣ ከበር ኋላ፦
"ስድስት ነጥብ ስምንት! ምን አጥፍቶ? ምን በድሎ?
ለዚህ ጨዋታ ይሰጣል፣ ሚዛን አለኝ ብሎ?"

አራት ወር ጠብቆታል፤ ከሱፐርማርኬቱ
ሣጥን እየደረደረ፣ ገዛው በጉልበቱ።
አሁን አንድ ሃያሲ፣ ከየት እንደሆነ
የማይታወቅ ሰው፣ በቁጥር ኮነነ።

ሆዳያ የእኅቴ ልጅ፣ ሃይፋ ሒሳብ ተማሪ፣
የሱፍ ፍሬ ሰባሪ፣ ቀስ ብላ ተናጋሪ፦
"ስልሳ ስምንት ወደቀ ያለህ ማነው ከቶ?
እኔስ ስታቲስቲክስን ያለፍኩት በዚያው ነው ከመቶ!"

"ተዪኝ! እነሱ ዘንድ ሰባት ራሱ ስድብ ነው፤
ትልቅ ድርጅት ያመጣው ግን፣ ጥሬውም ዘጠኝ ነው።
ይኼን ዐሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ቀምሶ ፈረደው።
በዝናብ ያዳልጣል ብሎ ነጥብ ይቀነሳል?
ዝናብ ታዲያ በየት አገር አስፋልት ያብሳል?"

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት አፉላ ሐዴራ የተመላለስኩ፣
የአውቶቡስ መሪ ጨብጬ በዋዲ አራ ያረጀሁ፣
ዳኛና ነጥብ ስትሉ፣ እኔም የቀመስኩ፤
መንጃ ፈቃድ ስፈተን አራት ጊዜ ወደቅኩ።
ፈታኙ አንዴ "ቀርፋፋ"፣ አንዴ "ችኩል" አለኝ፤
እኔ ያው እኔ ነበርኩ፣ እግዜር ይወቅልኝ።
አምስተኛው ሌላ ሰው ነው፤ ቀይ መብራት ላይ እያዛጋ
"በቃ ትችላለህ" አለና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

"እስቲ ወዲህ በል" አልኩት።

መሪውን ከጠረጴዛው ጠርዝ አጥብቆ አሰረልኝ፤
ጫማዬን አወለቅኩ፤ ፔዳሉን አሳየኝ።
ተራራ ነው፤ ማታ ነው፤ ዝናብ ከነነጎድጓዱ።
ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ከዳኝ ጎማው ከመንገዱ፤
እጄ ከእኔ ቀድሞ መለሰው፣ እንደ ልማዱ።
ልክ ነው! አውቀዋለሁ፣ ይኼን የመሪ ክብደት፤
ከኡም አል ፋሕም በታች፣ የጥር ውኃ ሲወርድበት
የሚሰማኝ ይኸው ነው። ሰውዬው ዋሸበት።

"አየሽ! አላልኩሽም?" ብሎ ልጄ ዘለለ፤
የሱፍ ልጣጭ ብቻ ከፊቷ ተቆለለ።

ቆይ ግን።
ነዳሁ። ደግሞ ነዳሁ።
ቤቶቹ መብራት አላቸው፣ ፌርማታውም ወንበር፤
የሚጠብቅ ሰው ግን አንድም አልነበር።
እግሬ ሳላዘው ሄዶ ፍሬኑን ረገጠ፤
መኪናው ቆመ፤ ሰባቱም ተፎካካሪ አመለጠ።
በር የሚከፍት ቁልፍ ፈለገ እጄ በዳሰሳ።
የለም። የሚሳፈርም የለም፤ ወታደር ከነቦርሳ፣
የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ ካርዷን ረስታ ስትነሣ።

"ሃያሲው ይኼን ጽፏል?" አልኳት። ሆዳያ ስልኳን ገለጠች፤
ድምፁን፣ ብርሃኑን፣ ዋጋውን፣ ሁሉን አነበበች።
ስለ ፌርማታው ምንም።
ዝናቡን ያማው ሰው
መንገዱ ሰው አልባ መሆኑን አላየም።

"ታዲያ አንተ ስንት ትሰጣለህ?" አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።
"ለዝናቡ ዐሥር። ለፌርማታው ዜሮ።
ለሁለት ሲካፈል ስንት ነው፣ ሆዳያ?"
"አምስት" አለች፤ ሳቋ ከሱፉ ጋር ትን አላት።
"አባ! ከሰውዬው ባስክ!" ብሎ ኢታማር መሪውን ፈታ፤
እስኪተኛ ድረስ አላናገረኝም ያን ማታ።

እሑድ ንጋት፣ ዝናብ።
የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ጃንጥላዋን አራገፈች፣
ካርዷን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ፈለገች፣
"ሁለት ደቂቃ ዘገየህ" አለች።
ግቢ አልኳት።
ስንት ነጥብ እንደቀነሰችብኝ
አልጠየቅኳትም።