ቁልፍ ቤት

ልንገረው ፔጆዋን እየነዳ መጣ፤
ሞተሯ ሳይጠፋ ቁልፉን ነቅሎ ወጣ።
«ይቺን ቀይርልኝ» አለ፤ ከፌስታል ፈትቶ
አዲሱን ሰጠኝ፣ ከማርቆስ ገዝቶ።

መጀመሪያ ባትሪው፤ ኔጌቲቩን ፈታሁ፤
በጀርባዬ ተንጋልዬ ከመሪው ስር ገባሁ።
ካቻቢቴ ባፌ፣ የእጅ ባትሪ ባንገቴ፣
ሽፋኑን ሳወልቀው ፈሰሰ ደረቴ
ላይ፣ የስንት ዓመት አቧራ፤ የዳጉሳ ገለባ፣
አንድ አስር ሳንቲም፣
ከማን ሰርግ እንደቀረ እንጃ፣ የደረቀ አበባ።
ቀዩ ሽቦ ከባትሪ፣ ቢጫው ለሞተሪኖ፣ ጥቁሩ ለቦቢና፤
እንዳይምታቱብኝ በክር አሰርኳቸውና
አሮጌውን አወጣሁት።

ጥርሱ ሁሉ አልቆ ድድ ብቻ ቀርቷል፤
የመጣ ቢመጣ እሺ ማለት ለምዷል።

ቡሬ ላይ ማንም አይቀሰቅስም ልንገረውን ከመኝታ፤
ፔጆዋ ትነሣለች፣ በሳጥን ቁልፍ፣ በማንኪያ እጀታ።
አዋላጇ ትብለጥ በመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ አስነሥታ
አንጓችን ከነምጧ ጭናት በረረች፤ ሐምሌ ነው፣ ደግሞ ማታ፤
ፍኖተ ሰላም ሳይደርሱ፣ ከኋላ ወንበር ልጁ ተወለደ፤
ልንገረው አልሰማም፤ እንቅልፉ በሰላም ሄደ።
ጠዋት ሲነቃ እንኳ፣ ደጁ ባዶ ሲሆን፣
«ማን ታሞ ይሆን?» ነው የሚለው እንጂ «ማን ሰርቆኝ ይሆን?»
አይልም።
ስትመለስም ባዶዋን አይደለም፤ ቤንዚን ጨምሮ
ወንበሩ ላይ ትቶ የሚሄድ አለ፣ አንድ እቅፍ ጎመን፣ አንድ ቀን ዶሮ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?» አልኩት፣ ከመሪው ስር ሆኜ።
ዝም አለ ትንሽ። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ።

«ባለፈው ወር ወጥታ ሦስት ቀን ቀረች፤
ሽንዲ መንገድ ዳር፣ ያለ ጎማ፣ በድንጋይ ቆማ ተገኘች።
ጎማስ ጎማ ነው። እኔን የጎዳኝ፣
ሰላም ያለኝን ሁሉ እጁን እያየሁ፣
‹እሱ ይሆን?› ማለት መጣብኝ።»

አልመለስኩለትም። ብሎን አጠበቅሁ።
ቀዩን በቀዩ፣ ቢጫውን በቢጫው፤ ክሮቹን ፈትቼ ጣልሁ።
ባትሪውን መልሼ፣
ባዞረው ጠቅ፤ ክሩስኮቱ በራ፤ ጠቅ፣ ሁለተኛ፤
ሞተሩ ተነሣ፣ እንደ ደነገጠ እንቅልፋም ዘበኛ።
የቤቱን የጓዳ ቁልፍ ተቀብዬ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ።
ማንኪያ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ።
«ጎበዝ» አለ ልንገረው፤ ፊቱ ግን ደስ አላለውም።

አሮጌውን ከብሎን ጣሳዬ ጣልኩት።

አንዷን ቁልፍ በክር ባንገቱ አሰራት፤
ሁለተኛዋን ኪሱ ከተተ፤ አወጣት፤ መልሶ ከተታት።
«ትብለጥ ዛሬ ተረኛ ናት?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ!»
አልኩት፣ እጄን በናፍጣ እየታጠብኩ፣ ሳቄን ደብቄ።

ከፈለኝ። ማርሽ አስገባ።
ቤቱ ሽቅብ ነው፣ ከገበያው ማዶ፤
ልንገረው ግን ጤና ጣቢያው በር ቆመ፣ ቁልቁል ወርዶ።