ወራጅ አለ

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ጓዳ፣
የማታ ትምህርት አለ፤ ክፍያው ትንሽ፣ መብራቱ እንግዳ።
አስተማሪው እኔ ነኝ፦ ጠመኔዬ አጭር፣ ምላሴ ረጅም፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ እንግሊዝኛን ስተረጉም።

የዛሬው ርዕስ «ወደ ታች» ነው። ጻፍኩት ሰሌዳው ላይ፦
ፎል፣ ድሮፕ፣ ሲንክ፣ ዲሴንድ። ዝናቡ ግን ቆርቆሮው ላይ
ቀድሞኝ ያብራራ ጀመር፣ እኔን ሳያስፈቅድ፣
በራሱ ቋንቋ ሲንጠባጠብ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ።

«ሁሉም ያው ‹ወረደ› አይደል?» አለ ነዚፍ፣ የታክሲ ረዳት፣
ከአጂፕ እስከ ቆጪ «ወራጅ አለ!» ሲቀበል የሚውል ወጣት።
«አይደለም» አልኩት። «ዲሴንድ ማለት ከጅሬን ኮረብታ
ጥላና ከዘራ ይዞ እንደሚመጣ ሽማግሌ፣ በዝግታ።
ስሊፕም ያው መንገድ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፤
እግርህ ሌላ ሲል፣ ጫማህ ሌላ።»

ዘቢባ እጇን አወጣች። ከቡና ማበጠሪያው መጥታ፣
የነቀዘውን ከደህናው ስትለይ ውላ እስከ ማታ።
«ራዲዮው ‹የቡና ዋጋ ወረደ› ካለ፣ የቱ ነው ቃሉ?»
«ድሮፕ» አልኳት። «ወይ ዲክላይን፣ ቀስ በቀስ ነው ካሉ።»
«የኛ ክፍያስ?» አለች፣ ገለፈት ከቀሚሷ ስታራግፍ።
«ያልወጣ ነገር በምን ቃል ይወርዳል?» አለ ነዚፍ።

ሳቅን። መብራቱም አብሮን ሳቀና ሄደ።
በሻማ ቀጠልን፦ ስለ ሰመጠ፣ ስለ ረገፈ፣ ስለ ተናደ።

ያስቸገረኝ አማርኛው ነው፤ እንግሊዝኛው ምን አለ!
እኛ ዘንድ ዝናብ ሲመጣ፣ እሱ ራሱ «ጣለ»፤
ፈተና ያቃተው «ወደቀ» ነው፣ አንድ አጥንቱ ሳይነካ፤
ጀንበር ደግሞ ትጠልቃለች፣ ዋናተኛ ኖራለች ለካ።
እነሱ ፍቅር ውስጥ ይወድቃሉ፤ እኛን ፍቅር ይይዘናል፣
እንደ ፖሊስ፣ እንደ ጉንፋን። ማን ይሻላል?

ነዚፍ ከኦሮምኛው «ቡኤ»ንና «ኩፌ»ን ጨመረ፤
«ቡኤ በእግር ነው፣ ኩፌ በጎን» ብሎ አስተማሪውን አስተማረ።

ከኋላ ወንበር አንጁሎ አለ። ከዳውሮ ነው የመጣው፣
ሲሚንቶ ጣቱ ላይ ደርቆ እርሳስ የሚያስቸግረው።
ሦስት ወር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዛሬ ተነሳ።
ከደረት ኪሱ አወጣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት፤
ማኅተም አለው። ሻማውን አስጠጋሁለት።

ስለ ወንድሙ ነው። አራተኛ ፎቅ። ኩባንያው የጻፈው።
«ሂ ስሊፕድ» ይላል። ሌላው ሁሉ ቀንና ቁጥር ነው።

«ቲቸር፣ ቅድም ስሊፕ ያልከው… የጫማ ጥፋት ነው አይደል?»
«አዎ።»
«እንጨቱ ከሆነስ? ሚስማር ያልያዘው፣ የበሰበሰ ባሕር ዛፍ?
እኔ ከታች ነበርኩ፤ ሲሰነጠቅ ሰምቼዋለሁ።
መጀመሪያ እንጨቱ ነው። ከዚያ እሱ።»

ሰሌዳውን አየሁ። አልጻፍኩትም ነበር።
«ኮላፕስ» አልኩ። «እንጨቱ ከሆነ ኮላፕስ ነው የሚባለው።»
«ፊደሉን ንገረኝ።»

ነገርኩት። ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈ፣ ቀስ እያለ።
ሁለቱ ኤል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤
ጎን ለጎን የተተከሉ፣ ቀጥ ያሉ፣
መወጣጫ የሚያቆም ሰው ብቻ እንደዚያ የሚያያቸው።
ዘቢባ ሻማውን በመዳፏ ከነፋስ ከለለችለት።

ደብዳቤውን ነገ እንጽፋለን ተባባልን። ዝናቡ አባርቷል።
በመጨረሻው ታክሲ አብረን ገባን፤ በሩን የያዘው ነዚፍ ነው።
አንጁሎ ቃሉን በከንፈሩ እየደጋገመ፣
መውረጃውን ሊያልፈው ሲል፣
«ወራጅ አለ!» አልኩለት እኔ።

መኪናው ቆመ። የበሩን ብረት ጨበጠ፣
ጭቃውን በጫማው ጫፍ ሞከረ፣
ከዚያ ሌላኛውን እግር።
«ቡኤ» አለ ነዚፍ፣ ለራሱ፣
በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።