ሰሙን ለጥርስሽ

ጠዋት ነው፤ ጠባሴ። ባልዲው ውርጭ ለብሷል፤
ብሩሼን ስነክር ጣቴ ይደነዝዛል።
አጎንብሼ ስተፋ፣ በነጩ አረፋ ላይ
ቀይ ክር ይሄድበታል፣ የብርድ ልብስ ጠርዝ መሳይ።
ደም ነው፤ የድዴ ደም። ሦስት ወሬ ነው ዛሬ፤
ሆዴ ገና ሳይገፋ ድዴ ቀድሞ አወጣው ወሬ።

ሁለት ዓመት እቁብ ጣልኩ፣ በፋብሪካው ሌሊት ፈረቃ፣
ክር ሲበጠስ እየቋጠርኩ፣ አገር ሲተኛ ስነቃ፤
እጣው ሲደርሰኝ ታዲያ፣ አልጋ አልገዛሁ፣ ወይ ጌጥ፤
“ገጣጣ” ሲሉኝ ያደግሁበትን ጥርስ አሰርኩት፣ እንዲል ቀጥ።
በየወሩ አዲስ አበባ፣ ሽቦው ሊጠብቅ፣ ሄጄ፤
ዘንድሮ ግን ሸኖ ላይ “ወራጅ!” ብዬ፣ ወርጄ፣
ገብስ ማሳ ዳር አስመለስኩ፣ ከንፈሬን ይዤ በእጄ።

አማቴ እትዬ አስካለ “አስፈቺው ይሄን ብረት” አሉ፤
“አንድ ልጅ አንድ ጥርስ ነው፤ ሒሳቡ ይሄው ነው ሁሉ።
እኔ አምስት ወልጃለሁ፤ አምስት ጎደለኝ” ብለው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ፤
ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ጥርሳቸውን አላየሁም፤ አሁን ገባኝ ሰበቡ።
ባሌ ዝም። በእናቱና በሚስቱ መካከል ያለ ወንድ
ቆሎውን አሽቶ እፍ ይላል፤ ገለባው ብቻ ይሂድ።

ቆሎ! የቆሎን ነገር፣ ለማን ልንገረው ጉዴን?
አምሮቴ የገብስ ቆሎ፣ የሚያባባው ሆዴን።
“በሶ፣ ሽሮ፣ ቅቅል ድንች” ተብዬ ተመክሬ ነበር፤
ነፍሴ ግን የምትለምነው ድምፁን ነው፣ ቆርጠም ሲል፣ ሲሰበር።
አንድ ሌሊት በፈረቃ፣ ከስንዱ ኪስ ጭብጥ ሰረቅሁ፤
“ቋ!” አለ። ቆሎው መስሎኝ፤ ብረቷን ምላሴ ላይ አገኘሁ።
የሽቦው ጫፍ ጉንጬን ወጋኝ፤ በምላሴ ስገፋው አነጋሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የጥርስ ሐኪም አለች አሉኝ፤
አማቴ “ብቻሽን አትሄጂም” ብለው ተከተሉኝ።
ዶክተር የምወድሽ ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ፣ ቃሏ ሙቅ፤
“ስንት ወርሽ ነው?” አለች፣ መብራቱን ሳታበራ ስትጠይቅ።
“አራት አልፎኛል።” — “ደግ ጊዜ ነው፤ ሳትከብጂ፣ ማቅለሽለሹም ሲቀል፤
ድድሽን ዛሬ እጠርጋለሁ። ራጁ ይቆይ፤ አያስቸኩል።
ሽቦውን አላወልቀውም፤ አላጠብቀውምም፤ ድዱ ይረፍ።
ሲያስመልስሽ ብሩሹን ወዲያው አታንሺ፤ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፤
በሶዳ ውሃ ተጉመጥመጪ፣ መራራው ከጥርስሽ እንዲረግፍ።”

ከዚያ ከትንሽ ሳጥን ሰም ቆርሳ፣ በጣቷ አድቦልቡላ፣
በሚወጋኝ ሽቦ ጫፍ ለጠፈችው፤ “ሰሙን ለጥርስሽ” ብላ።
“ወርቁስ?” አሉ አማቴ ከጥግ፣ ዓይናቸው ከሆዴ ሳይነቀል፤
የደብተራ ልጅ ናቸው፤ ቃል አያመልጣቸውም፣ ምን ቢባል።

ሐኪሟ ሳቀች። ሳቀችና ወደ እሳቸው ዞረች፤
“እርስዎስ እማማ? ወንበሩ ክፍት ነው” አለች።
“እኔ ደግሞ ምን ቀረኝ?”
“የቀረውን እናያለን።”

ተነሱ። ነጠላቸውን አጥፈው እቅፌ ላይ አኖሩ፤
ከመብራቱ ሥር አፋቸውን ከፈቱ፣ እንደ ልጃገረድ እያፈሩ።
“ልጅ አይደለም የወሰደው” አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፤
“ድድ ነው፤ ያልታከመ ድድ።”
ዝም አሉ። ጣሪያውን አዩ።
“እንግዲህ አምስቱን ልጆቼን በሐሰት ስከስ ኖሬያለሁ በላ?”

ስንወጣ የበረሳ ነፋስ ፊታችንን ገረፈው፤
ሐኪሟ ስትሸኘኝ ያለችኝን በልቤ አመላለስኩት፣ እንዳልረሳው፦
የልጄ ጥርስ ከወዲሁ ተዘርቷል፣ በድዱ ሥር፣ በጨለማ፤
እንደ ገብስ፣ ውርጭ በማያውቀው ማሳ፣ ድምፁ ሳይሰማ።
የኔዎቹም በሽቦው ላይ አርፈው ቀን ይቆጥራሉ፤
እሱ ወደ ውጭ፣ እነሱ ወደ ቦታቸው፤ ሁሉም ይደርሳሉ።

ጠባሴ ስንገባ አማቴ ከአንድ ሱቅ በር ቆም አሉ፤
“የጥርስ ብሩሽ አለህ? ለስላሳ ነው ሐኪሞች የሚሉ።”
“አንድ?” ሲል ልጁ፣ ወደ ራሳቸው አፍ ጠቆሙ፤
“ሁለት። ቀዩ የኔ” አሉ። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው፤
ሊስቁ ሲሉ ቆሙ።