እንኳን ጠፋ

መብራት ጠፋ በድሬ፣ ቬንትሌተሩ ቆመ፤
ሰፈሩ ባንድ ድምፅ መብራት ኃይልን ረገመ።
መጋቢት ነው፤ ሙቀቱ በግድግዳ ሰርጎ ይገባል፣
አልጋ ወደ ግቢ፣ ፍራሽ ወደ ጣራ ይወጣል።
ይሄን ጊዜ ነው ቲቸር ምንዳዬ የመጣ፣
ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ላቡ በሸሚዙ እየወጣ።
«እንኳን ጠፋ! ተመስገን!» አለ በደስታ ሰክሮ፤
አባቴ አየው ካልጋው ላይ፣ ግንባሩን ቋጥሮ።
«ልጆቹን ስጡኝ» አለ፣ «እስኪመጣ መብራቱ፣
ይዣቸው ልውረድ ወደ ደቻቱ።»

ደቻቱ ውሃ የለው፤ ባዶ የወንዝ አልጋ፣
የቀኑን ሙቀት አቅፎ አሸዋው የሚያነጋ።
ጎርፍ የበላውን ቤት እያወቅን ሁላችን፣
እዚያ ስንደርስ ዝቅ ይላል ድምፃችን።
ከላይ ግን ሌላ ደቻቱ አለ፤ ዳር እስከ ዳር የፈሰሰ፣
«ፍኖተ ሐሊብ ነው» አለን፤ አሸዋው ሁሉ ብርሃን የለበሰ።

ጋሽ ቀጸላ ቀድሞናል፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ቴሌስኮፑን ታቅፎ እንደታመመ ጓደኛ።
ቱቦው ከጋራዥ ጥግ የተገኘ፣ ሌንሱ ከቀፊራ፣
በእጁ ሞርዶ የገጠመው፣ እግሩን በሐዲድ ብሎን የሠራ።

እኛ ሰማይን የምናውቀው በቾክ ተሥሎ ነበር፣
አንድ ፀሐይ፣ ስምንት ክብ፣ ለፈተና የሚሸመደድ ነገር።
ነቢል ጠየቀ፦ «ቲቸር፣ ይሄ ስንት ማርክ አለው?»
ቲቸር ሳቀ ብቻ፤ ቱቦውን ወደ ምሥራቅ አዞረው።
የመጀመሪያው ነቢል ነው። ዓይኑን ደቀነ፤ ዝም አለ፤
ወሬኛው ነቢል! ምላሱን ሰው የነጠቀው መሰለ።

ከዚያ ጋሽ ቀጸላ ጎንበስ አለ፤ ጁፒተርን አየ፣
ትልቅ ብርሃን፣ ከጎኑ አራት ፍንጣቂ፣ አንዱ ካንዱ የተለየ፣
ባንድ መሥመር የተሰለፉ። ቆየ። በጣም ቆየ።
«ፉርጎ ናቸው» አለ። «አራት ፉርጎ። መብራታቸው በርቷል።
የኛ ከቆመ ስንት ዓመቱ! ይሄ ባቡር ግን ይሄዳል።»
ማንም አልሳቀም።
ቲቸር እንኳ «ጨረቃዎቹ ናቸው» ብሎ አላረመም።

ተራዬ ደረሰ። ቱቦው ወደ ምዕራብ ዞረ፤
«ሱረያ» አለ ቲቸር። «አቤት» አልኩ። «አንቺን አይደለም» ብሎ ጀመረ።
በባዶ ዓይን ጭጋግ ነበር፣ የአንድ እፍኝ ጨው ያህል ቦታ፤
በሌንሱ ግን ተበተነ፣ ጭብጡ ተፈታ።
ስድስት ያልኩት ሠላሳ ሆነ፤ ስቆጥር ጠፋብኝ፤
አሸዋ ገባኝ አልኩ፣ ነቢል «ምን ሆንሽ?» ቢለኝ።
አሥራ አራት ዓመት ተጠራሁበት፣ በደብተር ሽፋን ጻፍኩት፣
የሐረሯ አክስቴ ስም ብቻ መስሎኝ፣ እንደ ተረፈ ልብስ ለበስኩት።

«ይሄ ብርሃን» አለ ቲቸር፣ «ወደ ዓይንሽ ሲነሳ ከቤቱ፣
የሐረር ጀጎል አዲስ ነበር፤ ያልደረቀ ጭቃ በደረቱ።
ድሬ የለችም፤ ባቡር የለም፤ አሸዋ ብቻ ነው የነበረ፤
አራት መቶ ምናምን ዓመት ተጉዞ፣ ዛሬ ዓይንሽ ላይ አደረ።»
አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ «አሁንስ አለች ወይ?»
«ሳትኖር አትቀርም» አለ፣ «ወሬዋ ግን ገና መንገድ ላይ ነው በሰማይ።»

ድንገት ከከዚራ እስከ መጋላ «መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤
አምፖሉ ሁሉ በራ፤ ሰማዩ ተደፈነ በከተማ።
ልጆቹ አጨበጨቡ። ነቢልም፣ ለወጉ።
እኔ «ጠፋ» አልኩ።
ጋሽ ቀጸላ ቱቦውን በሻሽ ሲጠቀልል ሰምቶኝ፣
«ጣቢያው ነው የበራ እንጂ፣ ባቡሩስ አልቆመም» አለኝ።

እቤት ስገባ አባቴ ተኝቷል፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል፤
በራፋችን ላይ አምፖሉ የእሳት ራት ሰብስቦ ይበራል።
ማጥፊያው ላይ ጣቴን አኑሬ ትንሽ ቆየሁ።
ቀጭ።
በመሰላሉ ወደ ጣራው ወጣሁ።
ጎረቤታችን እትዬ ዚያዳ «ደግሞ ጠፋ እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ።