የቦራ ዕቁብ

አዳማ፣ ማደያው ጋ ባጃጅ ተኮልኩሎ፣
ቤንዚን እስኪመጣ ሹፌሩ ተንጋሎ፣
የጉደታ ቦራ ፉርሽካ አላምጦ
ሲሚንቶ እየሳበ አለፋቸው ሮጦ።

ኮረብታው ላይ ንፋስ ዞሮ መብራት ቢሰጥ፣
የቦራ ከሆድ ነው፤ ገለባ ሲቀልጥ።

ሮጠ ብዬ ዋሸሁ፤ ዕቁብ ነው እርምጃው፤
ሲረግጥ ይጥላል፣ ሲነሳ ነው ዕጣው።
ዳኛዋ ከጉልበት ታች የተሳበች ጅማት፣
እምብዛም አትሰርቅም፤
ጥቂት ነው፣ ለሙቀት።

ማታ ከጋሪው ወጥቶ፣ ቆሞ እንደተኛ፣
ጉልበቱን ቆልፎ፣ ያለ ምንም ዘበኛ፣
ጉደታ የራሱን ቋንጃ እያሸ ያያል፤
የሱ ዕቁብ ዛሬም
ለሌላ ሰው ወጥቷል።